«የአያቴ ጠመንጃ»፦ ጎንደር ላይ ኩራት፣ አሶሳ ላይ ግን ሁለት ጫፍ

ቲክቶክ ላይ ለአንድ ሰዓት ከቆያችሁ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። ጋቢ የለበሱ አባት በራፋቸው ላይ ቆመዋል። ትከሻቸው ላይ ሰደፉ በእጅ ብዛት የጠቆረ ረጅም ጠመንጃ ተንጠልጥሏል። ከጀርባ ፉከራ ይሰማል። ኮሜንቱ ውስጥ ደግሞ «ወንድ!»፣ «የአያቴም ውጅግራ እንዲህ ነበር»፣ «ስንት ይሸጣል?» የሚል ይደረደራል።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ለንደን ላይ ከ1814 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጠመንጃ የሚሠራው ፐርዴይ ያወጣው ባለ ሁለት አፍ የአደን ጠመንጃ፣ መቶ ዓመት ያለፈው እንኳ፣ የመኪና ዋጋ ሊያወጣ ይችላል። ገዢው ሁለት ጥይት ብቻ የሚጎርስ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው አዲስ አጥቶ አይደለም። በእጅ የተቀረጸውን ብረት፣ የእንጨቱን መስመርና ከአባት ወደ ልጅ የወረደውን ታሪክ ነው የሚገዛው።

የእኛም ፍቅር ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። እዚያ አሮጌው ጠመንጃ የሚታወሰው በአደን ነው። እዚህ ግን የሚፎከርለት በጦርነት ነው፤ ማለትም ሰው ላይ በመተኮሱ።

ዛሬ ሁለት ጥያቄ ይዘናል። አሮጌ ጠመንጃ ለምን ይህን ያህል ይወደዳል? ይህ ፍቅር ቤንሻንጉል ጉሙዝ ላይ ሲደርስስ ምን ይሆናል? ከባዱ ሁለተኛው ነው። ግን በመጀመሪያው እንጀምር።

▪️ ሲመጡም አሮጌ ነበሩ

ስሞቹ ራሳቸው ታሪክ ናቸው። «ውጅግራ» የምንለው ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት «ፉዚ ግራ» ነው፤ እኛ አፍ ላይ ተሟሽቶ አማርኛ ሆነ። «ሰናድር» የእንግሊዞቹ ስናይደር ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ላይ የተተኮሰው እሱ ነበር። «ምንሽር» ማንሊኸር ከሚለው የኦስትሪያ ስም የመጣ ነው። «ቤልጅግ» ደግሞ ስሙ እንደሚለው የቤልጅየም ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ወደ እኛ ሲመጡ ራሱ ጊዜ ያለፈባቸው ነበሩ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን ለበል ስታስገባ፣ ግራው ትርፍ ዕቃ ሆነ። ገጣሚው አርተር ሬምቦ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ በግመል ጭኖ ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣው ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃም አውሮፓ የተወው ዓይነት ነበር። ምኒልክም ዋጋውን አስቀንሰው ገዙት።

ከዚያ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መጣ። «አሮጌ ነው፤ ለእነሱ ይበቃቸዋል» ተብሎ የተሸጠ መሣሪያ ዓድዋ ላይ የአውሮፓን ጦር አሸነፈ። የአሮጌ ጠመንጃ ክብር እኛ ጋ ሥሩ እዚህ ነው።

ዓድዋ ላይ ብቻም አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ልትወርረን ስትል በሁለቱም ወገን ላይ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ተጣለ። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ አላት፤ ማዕቀቡ የጎዳው ፋብሪካ የሌላትን ኢትዮጵያን ነው። ስለዚህ ብዙ አርበኛ የተዋጋው ከአባቱ ግድግዳ ላይ ባወረደው ነበር፤ ወይም ከጠላት በማረከው።

▪️ ታዲያ ለምን ይወደዳል?

አንደኛ፣ ማስረጃ ነው። ብዙ የገጠር ቤተሰብ የድሮ ፎቶ የለውም፤ ዲፕሎማ የለውም፤ በአያት ስም የተጻፈ አንድ ወረቀት የለውም። «እኚህ ሰው ነበሩ፤ ይህን አድርገዋል» ብሎ የሚመሰክር አንድ ዕቃ ብቻ አለ። እሱም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ሁለተኛ፣ ዝግታው ነው። ውጅግራ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። ይተኮሳል፤ ቀለሁ ይወጣል፤ ሌላ ይገባል። ጥቁሩ ባሩድ ደግሞ ጭሱ የት እንዳላችሁ ለጠላት ያሳብቃል። ስለዚህ ተኳሹ አንድ ጥይት ሲያወጣ አስቦ ነው። ክላሽ በአንድ ካዝና 30 ጥይት ይዞ በመጣ ጊዜ ይህ ሁሉ ተረሳ። ዛሬ ሰዎች «የድሮ ጠመንጃ ክብር ነበረው» ሲሉ አንዱ የሚናፍቁት ይህን ይመስለናል፤ ጥይት እንደ ዝናብ የማይወርድበትን ዘመን።

ሦስተኛ፣ ወግ ነው። በብዙ የጎንደርና የጎጃም ገጠር ሠርግ ላይ ይተኮሳል፤ የትልቅ ሰው ለቅሶ ላይ ይተኮሳል። ጠመንጃ የያዘ ሰው የቤቱ አባወራ፣ የሰፈሩም ጠባቂ ተደርጎ ይታያል።

አራተኛውና ጥልቁ ግን ዋስትና ነው። ፖሊስ ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ በሆነበት ቀበሌ፣ ሌሊት ውሻ ሲጮህ ማን ይጠራል? መልሱ ግድግዳው ላይ ነው። እንግዲህ ሰው «ቅርስ ነው» እያለ የሚያወራለት ዕቃ፣ ብዙ ጊዜ በውስጡ «መንግሥት አይደርስልኝም» የሚል ፍርሃት አለው። ይህን ሳይገባን ስለ ትጥቅ ብናወራ ወሬ ብቻ ነው የሚሆነው።

▪️ አሶሳ ላይ ነገሩ ይለወጣል

እስካሁን ያወራነው በአብዛኛው የደጋውን ትዝታ ነው። አሶሳ ላይ ግን ሌላ ትዝታ አለ።

ጠመንጃ ሁለት ጫፍ አለው፤ ሰደፍና አፈሙዝ። አንዱ ቤተሰብ ታሪኩን ከሰደፉ በኩል ይተርካል፤ «አያቴ ያዙት፣ ተኮሱበት፣ አገር ጠበቁበት» ይላል። ሌላው ቤተሰብ የሚያስታውሰው ከአፈሙዙ በኩል ነው፤ «የመጡብን በእሱ ነው» ይላል። ቤንሻንጉል ጉሙዝ ሁለቱም ዓይነት ቤተሰብ ጎን ለጎን የሚኖርበት ክልል ነው።

ታሪኩን በአጭሩ እንየው። አካባቢው ወርቅ አለው፤ ወርቁ ደግሞ ጦር ጠርቷል። እ.ኤ.አ. ከ1820 ጀምሮ ግብፅን ይገዛ የነበረው መሐመድ አሊ ሱዳንን ሲወርር ከሚፈልጋቸው ነገሮች ዋናዎቹ ወርቅና ባሪያ ነበሩ። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ ራስ መኮንን የመሩት ጦር ቤንሻንጉልን፣ አቆልዲንና ኮሞሻን በምኒልክ ግዛት ሥር አስገባ። አቆልዲ ማለት የዛሬው የአሶሳ አካባቢ ነው። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የድንበር ስምምነት ቤንሻንጉል ኢትዮጵያ ውስጥ መሆኑን አጸና።

ከዚያ በኋላ የአካባቢው ኃያል ሰው ሼክ ሆጀሌ አል ሐሰን ነበሩ። አዲስ አበባ ያላችሁ ስማቸውን ሳታውቁት ትጠሩታላችሁ፤ «ሸጎሌ» የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው። ወርቅ ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ ሥልጣንና ጠመንጃ ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ ይወርዳል።

ጠመንጃው ማን ላይ ዞረ? የታሪክ ተመራማሪዎች በዝርዝር ጽፈውታል። ማኦው፣ ኮሞው፣ ጉሙዙ እንዲሁም ራሱ የበርታው ገበሬ በባሪያ ፈንጋዮች ታድኗል። ጉሙዝን ከጎጃም በኩል የሚወርዱ የደጋ ባላባቶችም ፈንግለውታል። ፈንጋዩ ጠመንጃ ሲይዝ የጉሙዝ ሰው የያዘው ቀስት ነበር። ባርነት በሕግ ሙሉ በሙሉ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ያ ማለት የብዙ ሰው ቅድመ አያት በሕይወት እያሉ የሆነ ነገር ነው፤ የተረት ዘመን አይደለም።

ስለዚህ አንድ ወጣት ፌስቡክ ላይ የውጅግራ ፎቶ ለጥፎ «የጀግና ዘር» ብሎ ሲጽፍ፣ ጎንደር ላይ ላይክ የሚያመጣው ፎቶ ፓዌ ወይም ማንዱራ ላይ ሌላ ሰው ሆድ ውስጥ ሌላ ነገር ያነሳል። ሁለቱም ሰዎች አይዋሹም። የሚያዩት አንድን ዕቃ ከሁለት ጫፍ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የነጻነት ታሪክም እዚሁ ምድር ላይ አለ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገቡ። ቀጥለው ያረፉበት የበላያ ተራራ ዛሬ መተከል ዞን፣ ዳንጉር ወረዳ ውስጥ ነው። አሶሳን ራሷን በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከጣሊያን ያስለቀቁት ደግሞ ከቤልጅየም ኮንጎ የመጡ ወታደሮች ናቸው። ኮንጎዎች! ይህን ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ያገኘው ስንቱ ነው?

ከ1977ቱ ድርቅ ማግስት ደግሞ ከወሎ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አሶሳ ዙሪያ ሰፈረ። የእነዚያ ሰፋሪዎች የልጅ ልጆች ዛሬ አሶሳን «አገሬ» የሚሉ የአሶሳ ልጆች ናቸው። የሰደፉ ትዝታና የአፈሙዙ ትዝታ አሁን አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ካፌ ውስጥ ነው ያለው።

▪️ መተከል ያስተማረው

ይህ ሁሉ የድሮ ወሬ ቢሆን ኖሮ እዚሁ እናቆም ነበር። ግን አይደለም።

ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን፣ ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ቀበሌ ሰዎች በተኛችበት ሌሊት ማግስት ንጋት ላይ ተገደሉ፤ ቤቶች ተቃጠሉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በወቅቱ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን አሳወቀ። በዚያ ዓመት በመተከል የተገደለው አማራ፣ አገው፣ ሺናሻ፣ ኦሮሞ፣ ጉሙዝ ነው። ባለሥልጣናት ራሳቸው «ነዋሪው ይደራጅ፣ ራሱን ለመከላከል ይታጠቅ» እስከማለት ደርሰው ነበር።

እዚህ ላይ ነው አራተኛው ምክንያት ተመልሶ የሚመጣው። «ዋስትና»። መንግሥት «ታጠቁ» ሲል፣ በሌላ አነጋገር «እኔ አልደርስም» እያለ ነው። ያንን የሰማ ሰው የአያቱን ጠመንጃ ከግድግዳ ቢያወርድ አይገርምም። ችግሩ ጎረቤቱም ይህንኑ ማሰቡ ነው። አንዱ ለመከላከል የያዘው ለሌላው ማስፈራሪያ ይሆናል፤ ያም በተራው ይታጠቃል። በዚህ ፉክክር ውስጥ ደግሞ ውጅግራ ቶሎ ይሸነፋል፤ ቦታውን ክላሽ ይወስዳል። የአያት ጠመንጃ ናፍቆት መጨረሻው የክላሽ ገበያ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የክልሉ መንግሥትና የጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ የሰላም ስምምነት ተፈራርመዋል። ከዚያ ወዲህ አንጻራዊ መረጋጋት መጥቷል። ነገር ግን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከድንበሩ ማዶ ሱዳን እየነደደች ነው። በኩርሙክ በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ስደተኛ ገብቷል። ጎረቤት አገር ሲዋጋ ጠመንጃ በድንበር ላይ ርካሽ ይሆናል፤ ይህ በየትም ዓለም የታየ ነው። አሶሳ ላይ ስለ ጠመንጃ ማውራት ዛሬ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ያልሆነው ለዚህ ነው።

▪️ ታሪካችን በዶላር

ሌላው ጫፍ ደግሞ አሜሪካ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሮያል ታይገር ኢምፖርትስ የሚባል የአሜሪካ አስመጪ ከኢትዮጵያ የመጡ አሮጌ ጠመንጃዎችን በብዛት ሲሸጥ ቆይቷል። ግራው አለ፤ የጣሊያኖቹ ቬተርሊና ካርካኖ አሉ፤ ማውዘሩም አለ። ዋጋቸው ከጥቂት መቶ ዶላር ይጀምራል። ሰብሳቢዎቹ ዩቲዩብ ላይ ሳጥኑን እየከፈቱ፣ ቆሻሻውን እየጠረጉ፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን የአማርኛ ፊደል «ይህ ምን ይላል?» እያሉ ይጠይቃሉ።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 1898 የተሠራ ጠመንጃ በፌዴራል ሕግ «ጥንታዊ ዕቃ» ተብሎ ከተራው መሣሪያ ይለያል። እንግሊዝም ጥይቱ የማይመረት አሮጌ ጠመንጃን ለጌጥ ማስቀመጥ ትፈቅዳለች፤ መተኮስ ከፈለጉ ግን ፈቃድ ይጠየቃል። ሁለቱም አገሮች አንድ ነገር ለይተዋል፦ ቅርስ ሌላ፣ መሣሪያ ሌላ።

የሚያናድደው ዋጋው አይደለም። ዕቃው ሲሄድ ታሪኩ እዚህ መቅረቱ ነው። ፍሎሪዳ ወይም ቴክሳስ ላይ ያ ካርካኖ «ከኢትዮጵያ የመጣ» ከሚል በቀር ስም የለውም። ማን ማረከው? የትኛው ሸለቆ ውስጥ? ያንን የሚያውቁት አዛውንት እዚህ ናቸው፤ እነሱም እያለፉ ነው።

▪️ ሕጉስ?

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ግልጽ ነው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ፣ መሸጥ፣ ማዘዋወር ወንጀል ነው። «የአያቴ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም። በሌላ በኩል የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊኖር እንደሚችል ይቀበላል፣ ባለቤቱን የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል።

በተግባር ግን ሁለቱ ዓለሞች አይነጋገሩም። ፖሊስ ሲመጣ የሚያየው ብረት ነው። ቲክቶክ ሲመጣ የሚያየው ኩራት ነው። ባለቤቱ ደግሞ «ባስመዘግብ ይወስዱብኛል» ብሎ ጣሪያ ሥር ይደብቀዋል። የተደበቀ ጠመንጃ ቅርስም አይሆንም፣ ቁጥጥርም ውስጥ አይገባም።

▪️ እኛ እንዲህ እናስባለን

አንድ፦ መጀመሪያ ዋስትና። ሰው ሌሊት ተኝቶ ማደሩን ሳያረጋግጥ ጠመንጃውን አይሰጥም። ትጥቅ ማስፈታት ከአንዱ ቀበሌ ጀምሮ ሌላውን ከዘለለ ደግሞ ሰላም አያመጣም፤ የተራውን ሰው ጥርጣሬ ነው የሚያባብሰው።

ሁለት፦ ቅርሱ ከመሣሪያው ይለይ። ጥይቱ የማይመረት፣ እንዳይተኩስ የተደረገ የመቶ ዓመት ውጅግራ እና ትናንት በድንበር የገባ ክላሽ በአንድ ዓይን መታየት የለባቸውም። «አስመዝግብ፤ ቤትህ ይቀመጣል፤ ግን አይተኩስም» የሚል መንገድ ቢኖር ብዙ ጣሪያ ሥር ያለ ታሪክ ይወጣል።

ሦስት፦ አሶሳ ላይ ሁለቱም ጫፍ ይነገር። ውጅግራው ከጉሙዙ ቀስት ጎን፣ የኮንጎዎቹ ታሪክ ከሼክ ሆጀሌ ወርቅ ጎን፣ የአርበኛው ፎቶ ከተፈነገለው ሰው ታሪክ ጎን ይቀመጥ። ከጎረቤት መማር ይቻላል። እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ይወጣሉ። የጦር ሜዳው ፈረስ ዛሬ የበዓል ፈረስ ሆኗል፤ ክብሩም አልቀነሰም። ጠመንጃው ለምን እንዲህ አይሆንም?

አራተኛው ለእናንተ ነው፤ ስልክ ለያዛችሁት።

👉 አሮጌውን ጠመንጃ አትተኩሱ። ለጥቁር ባሩድ የተሠራ አፈሙዝ የዛሬውን ጥይት ኃይል ላይችል ይችላል። ዝገቱ ከውስጥ ነው፤ ከውጭ አይታይም። ሲፈነዳ የሚሄደው የተኳሹ እጅና ዓይን ነው። ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይትም ተመልሶ ይወርዳል።

👉 ከድንበር አትግዙ፣ አታሻሽጡ። «ስንት ይሸጣል?» የሚል ኮሜንት ቀልድ ቢመስልም ለደላላ ግብዣ ነው።

👉 ታሪኩን ቅዱ። አያታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ አጠገባቸው ቁጭ በሉ፤ ስልኩን ክፈቱ፤ «ይህን ከማን አገኙት? የት ነበሩበት?» በሏቸው። እሱን ጥያቄ ስትጨርሱ ግን ሌላም ጨምሩ፦ «አባባ፣ ማን ላይ ነው የተተኮሰው?»

ያ ሁለተኛው ጥያቄ ቤቱን ትንሽ ዝም ሊያሰኝ ይችላል። ግድ የለም። ፉከራውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያልተቀዳው ዝምታው ነው። ቤንሻንጉል ጉሙዝ ላይ የሰደፉ ልጅና የአፈሙዙ ልጅ አንድ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብለው ሁለቱንም ታሪክ ማውራት ከቻሉ፣ ያን ጊዜ ጠመንጃው በእውነት ቅርስ ሆኗል ማለት ይቻላል። እስከዚያ ግን መሣሪያ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቤታችሁ ያለው ታሪክ ከየትኛው ጫፍ ነው የሚነገረው? አስተያየት ስር ጻፉልን፤ በጨዋነት እንወያይ።